ኮሮላዬን በገዛ እጄ 3 ሴንቲ ከፍ ያደረግኩባቸው ሁለት ቀናት

ኮሮላዋን የገዛኋት ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አራቱም እግሯ ላይ ኮይልኦቨር አስገጥሞላት፣ መሬት ለመሬት አውርዷት ነበር። ኮይልኦቨር ማለት ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ተሠርተው የሚገጠሙ፣ ከፍታው ደግሞ ሾኩ ላይ ባለው ጥርስ በቁልፍ እየተዞረ የሚስተካከል ማለት ነው። አስፋልት ላይ ደስ ትላለች። ግን እኔ የምኖረው ጅማ ነው። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ ቀይ አፈር ነው፤ ክረምት ሲገባ የባጃጅ ጎማ ግራና ቀኙን ይቆፍረውና መሃሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ሰኔ ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሆዷ ተፋቀ። በሦስተኛው እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ታማለች እንዴ?» አለችኝ። ያኔ ቆረጥኩ።

ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ለካሁ። ከመሬት ተነስቼ ሳይሆን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። ከመሬት ከለካችሁ የጎማው ንፋስም ቁጥሩ ውስጥ ይገባል። ግቢያችን ወደ በሩ ስለሚያዘነብል መኪናዋን ቡና የምናሰጣበት ሲሚንቶ ላይ አቆምኳት፤ ሜዳ መሆኑን በውሃ ልክ አየሁ። ፊት ግራ 32.4 ሴንቲ፣ ፊት ቀኝ 32.9፣ ኋላ ግራ 33.0፣ ኋላ ቀኝ 33.2። ሁሉንም በኖራ ሲሚንቶው ላይ ጻፍኩ።

ከዚያ የፊቱን ሁለት ጎማ በአንድ ላይ አነሳሁ። አንዱን ብቻ ማንሳት ጥሩ አይደለም፤ ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ባላንስ ብረት አንዱን ጎን እየጎተተ ሥራውን ያበላሻል። ክሪክ ለማንሳት ብቻ ነው፤ መኪናዋን ብረት መደገፊያ ላይ ሳላሳርፍ እጄን ወደ ውስጥ አላስገባሁም። እዚህ ላይ ማንንም አልለማመጥም፤ መደገፊያ ከሌላችሁ ሥራውን አትጀምሩት።

ጎማው ሲወልቅ ያየሁት ጭቃ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ጥርሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሸክላ ደርቋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። ጭቃው ሳይወጣ ሞላውን ከሥር የሚይዘውን ቀለበት ብታዞሩት አፈሩ ጥርሱን ይፍቀዋል፤ ቀለበቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ለስላሳ ነው። በሽቦ ብሩሽና በውሃ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፋሁበት። የፊት ቀኙ ግን እምቢ አለ። ታናሽ ወንድሜ መዶሻና መሮ ይዞ መጣ። ከለከልኩት። ዘይቱን ደግመን ነፍተንበት አደረ፤ በነጋታው መንጠቆ ባለው ቁልፍ ሲገፋ ያለ ትግል ተላቀቀ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ሞላውን ከሥር የሚይዘውን ቀለበት ወደ ላይ አዞርኩት። ይሄ በብዙ ኮይልኦቨሮች ላይ መኪናን ከፍ ያደርጋል፤ እኔም ሌላ መንገድ ያለ አልመሰለኝም። የኔው ላይ 10 ዙር 2 ሴንቲ ይሰጣል፤ አንዱ ዙር 2 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ቁልፉ እየከበደ ሄደ፣ እኔም እየገፋሁ ሄድኩ። በግራም በቀኝም 10 ዙር ሞላሁና አውርጄ ሞከርኳት። ከፍ ብላለች። ግን ጉድጓድ ስትገባ ከፊት «ቋ» የሚል ድምፅ ታሰማ ጀመር።

ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤት አሉን። ሄጄ «ጋሼ፣ ሞላውን አጠነከርኩት መሰለኝ» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ሞላው ያው ሞላ ነው፤ አንተ የበላኸው ወደ ታች የሚለቅበትን ርቀት ነው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱ ወደ ላይ ሲሄድ ሞላው መኪናዋ ሳታርፍበት በፊት ተጨምቆ ይጠብቃል። መኪናዋ ከፍ ትላለች፣ ግን ሾኩ ወደ መጨረሻው ዘርጋታ ተጠግቶ ይቆማል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ የሚዘረጋበት ቦታ አያገኝም፤ ጫፍ ይመታል። ጉድጓድ በበዛበት ከተማ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ርቀት ነው።

የኔው ኮይልኦቨር ሌላም ማስተካከያ ነበረው። የሾኩ ቱቦ ራሱ ከሥር እግሩ ውስጥ በጥርስ የሚገባ ነው። የሞላውን ቀለበት ወደነበረበት መለስኩ፤ ሞላው ሳይላላም ሳይጨመቅም ልክ ሲይዝ አሰርኩት። ከዚያ የታችኛውን መቆለፊያ አላላሁና ቱቦውን 15 ዙር ወደ ውጭ አወጣሁት። 3 ሴንቲ። ከፍታው ተጨመረ፣ የሾኩ ርቀት አልተነካም። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቱቦው ብዙ እንዳይወጣ ነው፤ በቂ ጥርስ እግሩ ውስጥ መቅረት አለበት፣ ዝቅተኛውን ልክ አምራቹ ያስቀምጣል። የፍሬን ጎማ ቱቦው እንዳልተወጠረም መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙሬ አየሁ። የኋላውን ለማዞር የታችኛውን ቡሎን መፍታት ግድ ሆነ፤ ሌላው ያው ነው።

አውርጄ ወዲያው ፊቱን ስለካ 37.5 ሴንቲ አገኘሁ። በዝቶብኝ 1 ሴንቲ ልመልስ ስል ጋሼ አስቆሙኝ። «ጎማው መሬቱን ቆንጥጧል፣ ገና አልተቀመጠችም። ነድተህ ና።» እስከ ጅሬን ዳገት ነድቼ ተመለስኩና ደግሜ ለካሁ፤ 35.5። ያልፈለግኩትን ነገር ልፈታ ነበር።

በማግስቱ አላይመንት አሠራሁ። ከፍታ ሲቀየር የፊት ጎማዎች አቅጣጫም ይቀየራል። የኔው ላይ መሪው ትንሽ ወደ ግራ ይጎትት ነበር፤ ሳላሠራው ብቆይ ጎማው በአንድ ጎን ይበላ ነበር።

ቁጥሮቹን ከኮፋኖው ሥር ቀለም በማይለቅ እስክሪብቶ ጽፌያቸዋለሁ። ፊት ግራና ቀኝ 35.5፣ ኋላ ቀኝ 36.2። ኋላ ግራው 35.9 ነው፤ 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል። ክረምቱ ሲወጣና ሲሚንቶው ሲደርቅ አስተካክለዋለሁ።