መብራቱ የጠፋበት ሌሊት

ትናንት ማታ ሜምብሬኑን (ፕሮቲኖች በመጠናቸው ተለይተው የተለጠፉበትን ስስ ወረቀት መሰል ነገር) አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ውስጥ ነክሬ፣ ላብራቶሪው ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ እንዲያድር ትቼው ወጣሁ። ሌሊት ለገጣፎ መብራት ጠፋ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያቺን ከጣቴ ጫፍ የማትበልጥ የአንቲቦዲ ብልቃጥ ለማግኘት ስንት ወር ጠብቀናል!

አንቲቦዲው የሚይዘው ቶም20ን ነው። ይህን ፕሮቲን ለሴል ኃይል በሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ደጃፍ ላይ የቆመ ዘበኛ በሉት፤ ከውጭ የተሠሩ ፕሮቲኖችን እየለየ ወደ ውስጥ ያስገባል። በጣም እወደዋለሁ።

ጠዋት በሩጫ ደረስኩ። ማወዛወዣው ቆሟል፤ ፍሪጁን ግን ማንም ስላልከፈተው ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ተመስገን! አጥቤ፣ የመጀመሪያው የት እንደተያዘ የሚያሳየውን ሁለተኛውን አንቲቦዲ ጨምሬ ከሰዓት ምስሉን አነሳሁ። 16 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ልክ ቶም20 በሚጠበቅበት ቦታ፣ አንዲት ጥርት ያለች መስመር። ከላይም ከታችም ምንም የለም፤ አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን አልያዘም ማለት ነው። ባልደረባዬ «እሰይ!» ብላ አቀፈችኝ።