ባዶው ሰሌዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ወልቂጤን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ፣ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ገደሉን ሲመለከት እኔ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ አጠና ነበር። ርእሱ «የጡመራ ጥቅምና ጉዳት» ይላል፤ ጡመራ ማለት ብሎግ መጻፍ ነው። ጅማ ላይ ወደሚደረግ «አንኮንፈረንስ» የሚባል ስብሰባ የጋበዘኝ ወዳጄ «ተናጋሪ የለም፣ የክብር እንግዳም የለም፣ ዝም ብለህ ና» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ ስብሰባ ገጥሞኝ ስለማያውቅ አላመንኩትም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከአዳራሹ ስደርስ በእርግጥም መድረክ አልነበረም። ወንበሮችና ጥቂት የጅማ በርጩማዎች በክብ ተደርድረዋል፤ ግድግዳው ላይም ሰዓትና የክፍል ቁጥር ብቻ የተጻፈበት፣ የቀረው ሁሉ ባዶ የሆነ ሰፊ ወረቀት ተለጥፏል። አስተናባሪዋ እንዳስረዳችን፣ የሚያነሣው ጉዳይ ያለው ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከባዶዎቹ ሳጥኖች በአንዱ ይለጥፋል፤ የወደደ ይሰበሰባል፤ የማይማርበት ወይም የማያዋጣበት ቦታ መቀመጡን የተረዳ ሰው ደግሞ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። ይህ «የሁለት እግር ሕግ» የሚባለው ደንብ አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካስጀመረው የስብሰባ ዘዴ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በካሊፎርኒያዋ ፓሎ አልቶ ከተማ ከተካሄደው ባርካምፕ የተባለ ስብሰባ ወዲህ አንኮንፈረንስ በቴክኖሎጂ ሰዎችና በጦማሪዎች ዘንድ ተለምዷል። ሰው እየተናገረ ተነሥቶ መውጣት ነውር ነው ተብሎ ላደገ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ሕጉ የሚዋጥ አልነበረም።

ርእሴን ለጠፍኩ፤ አራት ሰዎች መጡ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ሦስቱ በትሕትና አንገታቸውን ደፋ አድርገው ወጡ። አራተኛው «እኔ የቀረሁት አፍሬ ነው» ስላለኝ አብረን ተነሥተን ወጣን።

የገባንበት ክፍል በር ላይ «ማንበብ ለማይችል ሰው እንዴት ይጦመራል?» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ጥያቄውን ያነሣው በጎማ ወረዳ ቡና የሚያለማ ወጣት ነው። እሸት ቡና መልቀምን፣ ፍሬውን በማድረቂያ አልጋ ላይ ማገላበጥን፣ ጀንፈሉ (ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና) ሳይሻግት ማቆየትን የሚመለከቱ ምክሮች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በቴሌግራም ሲጽፍ ቆይቷል፤ ሆኖም ምክሩ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው አባቱና ጎረቤቶቹ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ጽሑፉን ትቶ የሁለት ደቂቃ ድምፅ መቅዳት ጀመረ፤ አሁን ሽማግሌዎቹ ልጆቻቸውን ስልክ እያስከፈቱ ያዳምጡታል። አንድ ጎልማሳ «ታዲያ ይህ ጡመራ ይባላል?» ብሎ ጠየቀ፤ ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ማለት እንደሆነም አስታወሰን። ወጣቱ «ደብዳቤ ድሮም ላልተማረ ሰው ይነበብለት የለ?» ሲለው ጎልማሳው ፈገግ ብሎ ዝም አለ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የተጻፈበት ፎንት በኮምፒውተሩ ላይ ያልተጫነለት አንባቢ ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ያይ እንደነበር ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ወረቀት የተናገርኩት ይህንኑ ብቻ ነው፤ የተደመጥኩትም በዚሁ ነው።

ክፍሉን ማንም ለቆ አልወጣም። ቡና ቀርቦ ሁለተኛው ሲቀዳ ወጣቱ ስልኩን ወደ እኔ አስጠግቶ «ጋሼ፣ የርስዎን ጽሑፍ እስቲ በሁለት ደቂቃ ይንገሩኝና ልቅዳው» አለኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ገና «ጡመራ» የሚለውን ቃል ትርጉም በማብራራት ላይ ነበርኩ። ወጣቱ የቀዳውን ድምፅ ሰረዘውና ስልኩን እንደገና አስጠጋልኝ።