ነጠላዬን እንዳጣፋሁ

ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ አስቀደስኩ። ካህኑ «ቅድሳት ለቅዱሳን» ሲሉ እንደ ሁልጊዜው አንገቴን ደፋሁ። የተቀደሰው ለቅዱሳን ነው እንግዲህ። እኔ ደግሞ ራሴን አውቃታለሁ።

ከዚያ ከፒያሳ የአራት ኪሎ ታክሲ ያዝኩ። ከወጣሁ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላኝም፣ በ5 ብር መልስ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ነጠላዬን መስቀለኛ እንዳጣፋሁ! ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጣሽው?» አለኝ። ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከምሩ ነው የጠየቀኝ።

ማቴዎስ 5፥48 ላይ «ፍጹማን ሁኑ» የሚለው ሁሌም ለገዳም ሰዎች የተባለ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ ቢጤማ የታክሲ ተሰላፊ አይመስለኝም። ቤት ገብቼ ከቁጥር 43 ጀምሬ አነበብኩት። እዚያ ቦታ ስለ ስግደት ብዛት አንድም ቃል የለም። ጠላትን ስለ መውደድ ነው፤ በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ ፀሐዩን ስለሚያወጣ አባት። ሉቃስ 6፥36 ደግሞ ያንኑ ትምህርት ሲጽፍ «ርኅሩኆች ሁኑ» ይላል። ርኅራኄ! እኔ እኮ ጾሜን ስቆጥር ነበር።

ረዳቱ መልሴን ሰጥቶኛል። 5 ብሯ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ እስካሁን አልነካኋትም።