ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ሰማይ

ካሜራ የገዛሁት ለሰርግና ለልደት ነበር። አሁን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሌሊት፣ ኮከብ በማንሳት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከጓደኛዬ ጋር እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ እንወርዳለን። ተራራው የአዲስ አበባን መብራት በከፊል ይጋርድልናል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። በማኑዋል (በእጅ እየተስተካከለ) የሚሠራ ካሜራ፣ ሰፊ ሌንስ፣ የማይነቃነቅ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ይበቃል። እኔ በ18 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበት መጠን) 3200 ላይ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ለ15 ሰከንድ ከፍቼ አነሳለሁ። ብዙ ከቆየ ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ ነጥብ መሆናቸው ይቀርና መስመር ይሠራሉ። በአውቶ ፎከስ አይሞከርም። አንድ ደማቅ ኮከብ ስክሪኑ ላይ አጉልቶ፣ በጣም ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ሌንሱን በእጅ ማዞር ነው።

ከዕቃው ይልቅ ወቅቱን ማወቅ ይበልጣል። የፍኖተ ሐሊብ (እኛም ያለንበት ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) መሃል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው ክረምት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደመናው መች ፋታ ይሰጣል! ስለዚህ እኛ መጋቢትን እንመርጣለን። ጨረቃ በሌለችበት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ግድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ የሰማይ ክፍል ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም። እኛ ዘንድ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ በደቡብ በኩል ካለው የከተማ ብርሃን በላይ ያልፋል። እንዴት ያለ ዕድል ነው!

ፎቶውን እወደዋለሁ። ከፎቶው የበለጠ የወደድኩት ግን ሰማዩን መልመዴን ነው። ድሮ ቀና ስል ዝም ብሎ ኮከብ ነበር። አሁን የትኛው ከየት በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ አውቃለሁ። የሥራ ጭንቀት ይዞኝ ብሄድ እንኳ ካሜራው ብርሃን እየሰበሰበ ቆሜ ስጠብቅ ይለቀኛል።

ሰውም አትርፌበታለሁ። ከምንቆምበት ማሳ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አባባ አሉ። መጀመሪያ ሰላም ብለን፣ አስፈቅደን ነው የገባነው፤ ሌሊት ሰው ደጃፍ የሚሄድ ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ጥሩ ነው። አንድ ሌሊት ወጣ ብለው ነፋሱን አዩና «ልጆቼ፣ ዛሬስ ጉም ይይዛችኋል» አሉን። ሳይነጋ ያዘን። ከዚያ ወዲህ ከስልኬ የአየር ትንበያ በፊት እሳቸውን እጠይቃለሁ።

አሁን የያዝኩት ሐሳብ የሰሜን ኮከብን መሃል አድርጌ ሌሎቹ ሲዞሩት ማንሳት ነው። ከኛ ሲታይ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል ትንሽ ኮረብታም ይሸፍነዋል። ሰሜኑ ገላጣ የሆነ፣ ሌሊት መኪና የሚያስገባ ቦታ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።