ሐጂ ያዩት ቅጠል

ጅማ ውስጥ እንግዳ አስጎብኝ ነኝ። የቡና ጫካ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወንዝና ሐይቅ ዳር አሳያለሁ። ከሁሉም የምወደው ወንዝ ዳሩን ነው። ክፉኛ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ 11 ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጡ። ቅዳሜን ከከተማ ወጣ ብለው ማሳለፍ ፈለጉ። ወደ ግልገል ጊቤ ከሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ወደ አንዱ ወሰድኳቸው። ቦታውን አውቀዋለሁ። ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ይወርድና መሀል ላይ ጠጠርና አሸዋ የተከመረበት ደሴት ይተዋል። ፎቶ ለማንሳት፣ እግር ለመንከር የሚመች ነው።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስንደርስ ውሃው ከጉልበት በታች ነው። ጥርት ብሎ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ፣ ተሻገርኩ፣ ተመለስኩ። «ምንም አይልም፣ ኑ» አልኳቸው። ምንጣፉንም ምሳውንም ይዘን ደሴቱ ላይ ሰፈርን።

የ4 ሰዓቱን ውሃ አይቼ ለቀኑ ሙሉ ፈረድኩ። ስህተቴ ይሄ ነው።

8 ሰዓት ገደማ አንድ አዛውንት ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ ወረዱ። የአካባቢው ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ከዳር ሆነው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እንግዶችህን አውጣ። ላይ ዘንቧል።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከእኛ በላይ ያለው ሰማይ ሰማያዊ ነው። ከወንዙ መነሻ በኩል፣ ከኮረብታዎቹ ጀርባ ግን ደመናው ጠቁሯል። ያን ደመና ከሐጂ በፊት አይቼዋለሁ። ሩቅ ነው ብዬ ነበር የተውኩት።

«ሐጂ፣ እዚህ እኮ ጠብታም የለም። ምሳችንን ጨርሰን እንወጣለን» አልኩ።

አልተከራከሩኝም። በዱላቸው ውሃውን አሳዩኝ። «ቅጠሉን እየው» አሉ።

አየሁ። አረንጓዴ ቅጠል ከነቅርንጫፉ ይወርዳል። አንዱ አለፈ፣ ሌላው ተከተለ። «ደረቅ ቅጠል ነፋስም ይጥለዋል። እርጥብ ቅጠል ከነእንጨቱ የሚነቅለው ጎርፍ ነው» አሉ ሐጂ።

ያኔ ነው ቁልቁል እግሬ ሥር ያየሁት። ጠዋት ጫማዬን ያስቀመጥኩበት ድንጋይ ደረቅ ነበር። አሁን ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። የውሃው መልክም ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ልጆቹ እየሳቁ ፎቶ ይነሳሉ፤ አንዳቸውም ልብ አላሉም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር። የዚያን ቀን በዓይኔ አየሁት።

«ዕቃውን ተዉት፣ ተነሱ!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌራችን መኪና የሚጎትትበትን ገመድ ይዞ ሮጠ። አንዱን ጫፍ ዳር ካለው ዛፍ አሰረው፣ ሌላውን ወረወረልኝ። እኔ ወገቤ ላይ አዙሬ፣ አንድ ትልቅ አለት ተደግፌ ቆምኩ። ዛሬ ሳስበው ገመድ ወገቤ ላይ ማሰሬም ሌላ ስህተት ነበር። ብወድቅ ኖሮ የውሃው ኃይል ገመዱን ወጥሮ እዚያው ውሃ ሥር ሊይዘኝ ይችል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ባለ ውሃ ተሻገሩ። ቀጣዮቹ አራቱ በታፋ። ሦስቱ ሲቀሩ ከላይ በኩል እረኛ ልጆች ሲጮሁ ሰማን። «ቢሻን ዱፋ ጂራ! ቢሻን ዱፋ ጂራ!» ውሃ እየመጣ ነው ማለታቸው ነው። ድምፁም ተለወጠ። ጠዋት ሲንሿሿ የነበረው ወንዝ አሁን ከሥሩ ድንጋይ እያንከባለለ ያጉረመርማል። የመጨረሻዋ ልጅ መሀል ላይ አዳለጣት። ገመዱን አለቀቀችም። ሾፌሩና ሐጂ በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጧት። አንድ ጫማዋን ውሃው ወሰደው። እኔ ተከትዬ ወጣሁ።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ደሴቱ ጠፋ። ምንጣፉም ድስቱም ሄዱ። ቀጥሎ አንድ ግንድ እየተገለባበጠ በዚያው አለፈ። ማንም አልተናገረም። ልጅቷ ሐጂ ጋቢ ውስጥ ሆና ትንቀጠቀጣለች።

ብዙ ሰው የሚፈራው ጥልቀትን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የሚጥለው ግን ፍጥነቱ ነው። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ዋና የሚችል ጎልማሳ በጉልበት ልክ ውሃ የሚወድቀው። ዝናቡ ደግሞ እኛ ላይ መዝነብ የለበትም። ወንዙ ከሚሰበሰብበት ኮረብታ ላይ ከዘነበ ይበቃል፤ በተለይ መሬቱ ታርሶ ቡቃያ ባልያዘበት በዚያ ወቅት።

አሁን ወንዝ ዳር ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት መትከል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ አየዋለሁ። ውሃው እንጨቱን አንድ ጣት ካለፈው ወጣን ማለት ነው፤ ምክንያቱን አልፈልግም። ከመነሳቴ በፊት ከወንዙ በላይ ያሉ ሰዎች ጋ ደውዬ ስለ ዝናብ እጠይቃለሁ። ደሴት ላይ እንግዳ አላሰፍርም፤ ክረምትና በልግ ላይ ፈጽሞ።

የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ዓይን ይፈልጋል። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ በ1996 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው የሚወርደውና የሚወጣው በዝናብ ብቻ አይደለም። በጋ ላይ ሲሸሽ ዳሩ ላይ ጭቃ ይተዋል። ላዩ ደረቅ ይመስላል፣ ሲረግጡት ይውጣል። ዳሩ ላይ የተረገጠ ሰፊ መንገድና ፋንድያ ካየሁ ጉማሬ ማታ ማታ ወጥቶ የሚግጥበት ነው ብዬ እንግዶቼን ከዚያ አርቃለሁ። ጉማሬ ወደ ውሃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትን ሰው አይምርም። ሣር የበዛበት የረጋ ውሃ ውስጥ ዋናም አልፈቅድም፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች እዚያ ነው የሚኖሩት።

ባለፈው በልግ ዘጠኝ እንግዶች ይዤ ወደዚያው ወንዝ ሄድኩ። 6 ሰዓት ላይ ከኮረብታው ጀርባ ደመናውን አየሁ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው፣ እንጨቴም አልተነካም። ቢሆንም ሰውን ሁሉ ሰብስቤ አወጣሁ። ከፍ ያለው ዳር ላይ ሆነን ቡና አፈላን። አንዱ እንግዳ ተናደደ። «ብሮ፣ የመጣነው እኮ ለውሃው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ገንዘብ ከፍሎ ነው የመጣው።

እስከ 11 ሰዓት ቆየን። ጎርፍ አልመጣም።

ጅማ ስንመለስ አለቃዬ «ሞልቶ ነበር እንዴ?» አለኝ። «አልሞላም» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና የሚቀጥለውን ጉዞ ሰዓት ቀየረ። ከንጋቱ 1 ሰዓት ተነስተን፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከውሃ እንድንወጣ።