ግምቱ የተሠራበት ሰነድ
ዛሬ የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ሠራተኛ በአደጋ የተጎዳችውን መኪናዬን መጠገን እንደማያዋጣ ገልጸው የክፍያውን መጠን ሲነግሩኝ፣ ከመፈረሜ በፊት የመኪናዋ ዋጋ ግምት የተሠራበትን ሰነድ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ለንጽጽር የተወሰዱት መኪኖች ከእኔዋ እጅግ የበለጠ ኪሎ ሜትር የተጓዙ ነበሩ፤ ሞዴሏም ከትክክለኛው ዝቅ ያለው ዓይነት ተብሎ ተመዝግቧል። የጥገና መዝገቧን፣ እንዲሁም በተመሳሳይ ዓመት ተሠርተው ለሽያጭ የቀረቡ መኪኖችን ዋጋ አያይዤ ሳቀርብ፣ ሠራተኛው ያለ ክርክር ግምቱ እንደገና እንዲሠራ አዘዙ። ውሉ የገበያ ዋጋን የሚከፍል ከሆነ፣ መለኪያው መኪናዋ ልክ ከአደጋው በፊት በነበራት ይዞታ የምታወጣው ዋጋ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ሰነዱን መጠየቅ እንደሚቻል አስቀድሞ የሚናገር አለመኖሩ ነው፤ በአደጋ የተደናገጠ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ መቀበሉን አንዴ ከፈረመ በኋላ ጉዳዩን መልሶ ማንሳት እጅግ ይከብደዋል።