ክላክስ የማላደርግበት በር

አዲስ አበባ ባለ አንድ ኤምባሲ ውስጥ 11 ዓመት በሹፌርነት ሠርቻለሁ። ለረጅም ጊዜ የማመላልሳቸው ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከአገራቸው የመጡ ዲፕሎማት ነበሩ። ማዳም ነበር የምንላቸው።

የደኅንነት ሥልጠና ስንወስድ መጀመሪያ የተነገረን፣ ክፉ የሚያስብ ሰው እንዳይጠብቀን መንገድ መቀያየር ነው። ዛሬ በቦሌ፣ ነገ በመገናኛ። የመውጫ ሰዓትንም ማዛባት። በዚህ እኔ ጎበዝ ነበርኩ። መብራት ላይ ስቆም ከፊቴ ያለው መኪና የኋላ ጎማው አስፋልቱን ሲነካ እስኪታየኝ ርቀት እተዋለሁ። ያን ያህል ከተተወ ወደ ኋላ ሳይሉ ጠምዝዞ መውጣት ይቻላል።

አሠልጣኙ የአቴንሱን ነገር አንስቶልን ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 የእንግሊዝ ኤምባሲ ወታደራዊ አታሼ ስቴፈን ሳውንደርስ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ የኪፊሲያስ ጎዳና በመኪና ተጨናንቆ ሳለ፣ በሞተር ሳይክል የመጡ ሰዎች ተኩሰው ገደሏቸው። የእኛንም ከተማ አንረሳም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የያኔው የግብፅ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ ሲመጡ ተኩስ ተከፈተባቸው። ጥይት የማይበሳው መኪናቸው አተረፋቸው፤ ወዲያው ዞረው ወደ ኤርፖርት ተመለሱ። እኔ የምነዳው ግን ተራ መኪና ነው። ዲፕሎማት እንዳይደፈር የ1961ዱ የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 29 ደንግጓል። መንገድ ላይ ግን ያለነው እኔና ማዳም ብቻ ነን።

አንድ ማክሰኞ ማታ ሁሌም እንደማደርገው የማዳም መኖሪያ ግቢ በር ላይ ቆሜ ክላክስ አደረግኩ። ዘበኛው አልመጡም። ደገምኩ። ቅያሱ ጠባብ ነው፤ ከፊቴ የብረት በር፣ ከግራና ከቀኝ አጥር። አንድ ሞተር መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። መብራቱ በስፖኪዮው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ማዳም «ምንድን ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? መሪውን የያዘ እጄ ላብ በላብ ሆነ። በሩ ሲከፈት ሞተሩ ዞሮ ሄደ። ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ነበር፤ ቤት ተሳስቶ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቦሌም ብዬ መገናኛም ብዬ ዞሬ ዞሬ የምመጣው እዚያው በር ላይ ነው። ክፉ የሚያስብ ሰው መንገዴን መከታተል ምን ያደርግለታል? በሩ ላይ ቢጠብቀኝ ይበቃዋል።

በማግስቱ ከዘበኛው ጋር ቡና ስንጠጣ ነገሩን አነሳሁላቸው። ያኔ ነው ሌላው የወጣው። «ባለፈው ሳምንት አንድ ጨዋ ልጅ መጥቶ ነበር፤ ማዳም ስንት ሰዓት ይገባሉ አለኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ቴኒስ ስላላቸው ያመሻሉ አልኩት» አሉኝ። ክው አልኩ። ልጁ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ልቆጣቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ምን አጠፉ? ሥልጠናው ለእኛና ለዲፕሎማቶቹ ነው የተሰጠው። እሳቸውን ማንም ጠርቶ አንድ ቃል አልነገራቸውም። ለጠየቀ እንግዳ አለመመለስ ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሊት የሚጠብቁ ሰው ከምን እንደሚጠብቁ አልተነገራቸውም። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

«ጋሼ፣ ልጁን መስደብ አያስፈልግም» አልኳቸው። «ማን ልበል? ስልክዎን ይተዉልኝና ሲመቻቸው ይደውላሉ፣ ይበሉት። በቃ።» ደስ አላቸው። ደብተር ገዛሁላቸው፤ ቅያሱ ውስጥ የቆመ እንግዳ መኪና ታርጋ ይመዘግቡበት ጀመር። እኔም ክላክስ ማድረግ አቆምኩ። ሁለት ደቂቃ ሲቀረኝ እደውላለሁ፤ ወጥተው ቅያሱን ከላይ እስከ ታች ያያሉ። ደህና ከሆነ በሩን ይከፍታሉ፤ ሳልቆም እገባለሁ። ደህና ካልሆነ በሩ አይከፈትም፤ እኔም ወደ ቅያሱ ሳልታጠፍ በዋናው መንገድ አልፌ እሄዳለሁ።

ማዳምም ሲሰሙ የቴኒሱን ቀን አቀያየሩት። የቤት ሠራተኛዋን ደግሞ ከልጆቹ ጋር አስቀምጠን ፍንዳታ ሲሰማ ወደ መስኮት እንዳይሮጡ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 ናይሮቢ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ ብዙ ሰው ዓይኑን ያጣው የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምቶ ምን እንደሆነ ለማየት መስኮት ጋ ሄዶ ነው። ዋናው ቦምብ ሲፈነዳ መስታወቱ ፊቱ ላይ ረገፈ።

ማዳም ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደብተሩ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። አዲስ ሹፌር ሲቀጠር ስለ መንገዱ እኔ አሳየሁት። ስለ በሩ ያስተማሩት ግን ጋሼ ናቸው።